አዲስ ቲቪና ርካሽ ሆም ቴአትር፦ በየትኛው ገመድ እናገናኛቸው?

ጎንደር ውስጥ አዲስ ቲቪ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል። ቲቪ እየሳሳ በመጣ ቁጥር ለስፒከር የሚሆን ቦታ ጠፋ። አሁን ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ከቲቪው ሥር ሆነው ወደ ታች ነው የሚጮኹት። ቡፌው ላይ ደግሞ በዲቪዲ ዘመን የተገዛ ሆም ቴአትር አለ፤ አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር ይዞ አቧራ እየጠጣ ነው። ወይም በቅርቡ ከፒያሳ በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ አንድ አለ። ጣጣው ሁለቱን ማገናኘቱ ላይ ነው።

ሱቅ ሄዳችሁ ብትጠይቁ አንዱ “ኦፕቲካል ግዙ” ይላችኋል፤ ድምፅን በብርሃን የሚያሳልፍ ገመድ ነው። ሌላው “ኤችዲኤምአይ ይበቃችኋል” ይላል። ሦስተኛው “ብሉቱዝ እያለ ምን ገመድ ያስፈልጋል?” ይላል። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ቤት አለ። ለእናንተ የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሁለቱ ዕቃዎች ጀርባ ላይ ያለው መሰኪያና ቤታችሁ ውስጥ በብዛት የሚታየው ነገር። የገመዱ ዋጋ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

## መጀመሪያ ጀርባውን እንይ

ከቤት ሳትወጡ የቲቪውንም የሆም ቴአትሩንም ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጽሑፉ እንዲነበብ ጠጋ በሉ፤ የስልኩን መብራትም አብሩ። ሱቅ ውስጥ ከሚሰጣችሁ ምክር ሁሉ ይህ ፎቶ ይጠቅማችኋል።

ፎቶው ላይ ሁለት ቃላት ለዩ፦ “ኢን” እና “አውት”። ኢን ወደ ዕቃው የሚገባ ነው፤ አውት ደግሞ ከዕቃው የሚወጣ። የምንፈልገው ከቲቪው ወጥቶ ወደ ሆም ቴአትሩ የሚገባ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቲቪ ላይ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ያይና ቀይና ነጩን ከሆም ቴአትሩ ጋር ያገናኛል። ድምፅ የለም። “ተበላሽቷል” ተብሎ ሆም ቴአትሩ ጥገና ቤት ይሄዳል። ዕቃው ግን ደህና ነው። አሁን በሚሸጡት ቲቪዎች ላይ እነዚያ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ኢን ናቸው። የዲቪዲና የሪሲቨር ድምፅ ያስገባሉ እንጂ ምንም አያወጡም።

ሁለተኛው ወጥመድ የዲቪዲ ሆም ቴአትሮች ኤችዲኤምአይ ነው። ብዙዎቹ “ኤችዲኤምአይ አውት” የሚል አንድ ቀዳዳ አላቸው። ይህ የዲቪዲውን ምስል ወደ ቲቪው የሚልክ ነው። ከጎኑ “ኤአርሲ” (ARC) የሚል ጽሑፍ ካለ የቲቪው ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሆም ቴአትሩ ይመለሳል። ከሌለ አይመለስም፤ ምንም ዓይነት ውድ ገመድ ብትገዙ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑ ላይ 5.1 ስለተባለ ብቻ አትመኑ። 5.1 ማለት ከፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል፣ ከኋላ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ሳብዉፈሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ይደርሰዋል። ርካሾቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ ጥንድ ቀይና ነጭ መግቢያ ብቻ ነው። በሁለት መስመር የገባ ድምፅ ለአምስት ስፒከር ቢከፋፈል የኋላው የፊቱን ይደግማል። ከቲቪው እውነተኛ 5.1 ለመስማት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ኤአርሲ ያለው ኤችዲኤምአይ፣ ወይ ኦፕቲካል፣ ወይ ስድስት የተለያዩ የጃክ መግቢያዎች ያስፈልጋሉ። ካርቶኑ ላይ በሺህ ተቆጥሮ “ፒኤምፒኦ” ተብሎ የተጻፈውን ዋትም እለፉት። የምትፈልጉት ቁጥር “አርኤምኤስ” የሚለው ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየው እሱ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ መመዘኛ የምታዩት ነገር ነው። በዲሽ የሚመጣው ዜና፣ ድራማ፣ መዝሙርና ቃለ መጠይቅ አብዛኛው ስቴሪዮ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ብቻ። ዩቲዩብም እንዲሁ። ስቴሪዮ ሆኖ የተላከ ድምፅ በየትኛውም ገመድ ቢሄድ ስቴሪዮ ነው። አንዳንድ ሆም ቴአትሮች “ፕሮ ሎጂክ” የሚባል ሴቲንግ አላቸው፤ ከሁለቱ መስመር ላይ ለመሃልና ለኋላ የሚሆን ድምፅ ይለያሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው በ5.1 ከተሠራ ፊልም ጋር አይተካከልም። ስለዚህ ፊልም በማይታይበት ቤት ለ5.1 ተብሎ የሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ጋር መሄዱን እናያለን። ከዚያ ሪሞቱን። ቤት ውስጥ እናትና አባት ካሉ፣ ልጅ እስኪመጣ ድረስ ድምፅ መጨመር ካልቻሉ፣ ያ ግንኙነት አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የመብራቱ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ በዲሽ ገመድ ሊገባ ይችላል፤ ከዲሹ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ፣ ከቲቪ ደግሞ ወደ ሆም ቴአትር። ዋጋ መጨረሻ ላይ ነው።

## ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ

ሁለቱም ዕቃ ላይ ካለ ሌላ አትፈልጉ። ኤአርሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ቲቪ ላይ አታጡትም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ያለው የቆየው ሆም ቴአትር ላይ ነው። ቲቪው ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢኖረው አብዛኛውን ጊዜ ኤአርሲ የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የሪሲቨሩ ገመድ ተሰክቶ ከሆነ ወደ ሌላው አዛውሩት።

ገመዱን ሰክታችሁ ድምፅ ካልመጣ አትደናገጡ። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚያደርገውን አማራጭ ክፈቱ። ሳምሰንግ ላይ “ኤኒኔት ፕላስ”፣ ኤልጂ ላይ “ሲምፕሊንክ”፣ ሶኒ ላይ “ብራቪያ ሲንክ” ይባላል። ሌሎቹ ላይ “ሲኢሲ” ብላችሁ ፈልጉ። ይህ ካልተከፈተ ኤአርሲ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሆም ቴአትሩም ላይ ተመሳሳዩን ክፈቱ። ከዚያ ሁለቱንም ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩና መጀመሪያ ቲቪውን አብሩ።

የኤአርሲ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው፦ የቲቪው ሪሞት የሆም ቴአትሩን ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቲቪው ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። እማማ ሁለተኛ ሪሞት መፈለግ የለባቸውም። ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው የፊልም 5.1 ድምፅም ያልፋል።

“ኢአርሲ” (eARC) የሚባል የተሻሻለ ዓይነትም አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር ነው የመጣው። ያልታመቀ ባለ ብዙ መስመር ድምፅ ያሳልፋል። ርካሽ ሆም ቴአትር ላለው ሰው ለእሱ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ድካሙ ምንድን ነው? የመዳብ ገመድ ስለሆነ በአንዱ ዕቃ የገባ የኤሌክትሪክ ጉዳት ወደ ሌላው ይሻገርበታል። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ደግሞ ለዚህ ስስ ነው።

## ኦፕቲካል

እኔ ለጎንደር ቤት አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ በተለይ ሆም ቴአትሩ የቆየ ከሆነ። ኦፕቲካልን ቶሺባ ያስተዋወቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ኤአርሲ የሌላቸው ብዙ የዲቪዲ ሆም ቴአትሮች ኦፕቲካል ኢን አላቸው። አዲሶቹ ቲቪዎችም አብዛኞቹ ኦፕቲካል አውት አላቸው።

ቀዳዳው አራት ማዕዘን ቢጤ ነው፤ ትንሽ ክዳን አለው። ቲቪው በርቶ ክዳኑን ገፋ ስታደርጉት ውስጡ ቀይ ብርሃን ታያላችሁ። ድምፁ የሚሄደው በዚያ ብርሃን ነው። አዲስ ገመድ ስትገዙ ሁለቱም ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለ። ብርሃን የምታሳልፍ ስለሆነች የገመዱ አካል ትመስላለች። እሷን ሳያወጡ የሚሰኩ ሰዎች “አልገባም” እያሉ ቀዳዳውን ይሰብራሉ። አውጧት። ገመዱንም ቡፌ ጀርባ ላይ አትጠፉት፤ በሹል ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራል።

ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍበት ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ። አንደኛ፣ ሆም ቴአትሩ ላይ የሚሰማው “እምምም” የሚል ድምፅ ምንጩ በቲቪው በኩል ከሆነ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በዲሽ ገመድ የገባ መብረቅ ቲቪው ላይ ቢደርስ እንኳ በኦፕቲካሉ ወደ ሆም ቴአትሩ አይሻገርም። በሶኬት በኩል የሚመጣውን ግን አያግድም፤ ለዚያ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ከሶኬት መንቀል ነው።

አንድ ሴቲንግ ብቻ ልብ በሉ። ቲቪው ላይ “ዲጂታል አውትፑት” የሚል ቦታ አለ። “ፒሲኤም” ላይ ከሆነ በኦፕቲካል የሚወጣው ስቴሪዮ ብቻ ነው። “ዶልቢ ዲጂታል”፣ “ኦቶ” ወይም “ቢትስትሪም” ላይ ስታደርጉት ነው 5.1 የሚወጣው። ኦፕቲካል ገዝተው “የኋላው አይሠራም” ከሚሉ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይህ ነው።

ጉድለቱ ሪሞቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የቲቪው ሪሞት የሆም ቴአትሩን ድምፅ አያዝም። ሁለት ሪሞት መያዝ ግድ ይላል።

ሆም ቴአትራችሁ ኦፕቲካል ባይኖረውም መንገድ አለ። ቀይና ነጭ ጃክ ብቻ ካለው ኦፕቲካልን ወደ ጃክ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ትሸጣለች፤ ኃይል የምታገኘው ከቲቪው ዩኤስቢ ነው። ተራዋ ሳጥን የምትሰጠው ስቴሪዮ ነው። ለእሷ ደግሞ ቲቪው “ፒሲኤም” ላይ መሆን አለበት፤ ዶልቢ ከላካችሁላት ዝም ትላለች ወይም ትንጫጫለች። ስድስት የጃክ መግቢያ ላለው ሆም ቴአትር 5.1 የሚፈታ “ዲኮደር” የሚባል ሳጥን አለ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን አዲስ ሆም ቴአትር ከመግዛት ይሻላል።

## ቀይና ነጭ ጃክ፣ ወይም የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ

ርካሹ መንገድ ነው። ቲቪው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው አንድ ጫፉ ትንሽ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ይበቃል። ድምፁ ስቴሪዮ ነው፤ አይዘገይም። የቲቪው ሪሞትም አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። የቲቪውን ድምፅ ሰባ ወይም ሰማንያ አካባቢ አድርጉት፤ የቀረውን በሆም ቴአትሩ አስተካክሉ። ቲቪው በጣም ዝቅ ብሎ ሆም ቴአትሩ ከተጋነነ ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ከሥር ይሰማል።

“እምምም” የሚል ከመጣ ቲቪውን፣ ሪሲቨሩንና ሆም ቴአትሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ወደ ኦፕቲካል መሄድ ነው።

## ብሉቱዝ

ለሙዚቃ ጥሩ ነው። ገመድ የለም፤ ስልክም ይገናኝበታል። ለቲቪ ግን አልመክረውም። ድምፁ ይዘገያል፤ ሰውዬው አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። ብዙ ቲቪ ላይ ያለው የድምፅ ማስተካከያ ድምፁን የበለጠ ማዘግየት እንጂ ማስቀደም አይችልም፤ ስለዚህ በሴቲንግ የመፍታት ዕድሉ ጠባብ ነው። ኳስ ላይ ብዙም አያስታውቅም። የፋሲል ከነማን ጨዋታ የሚያይ ሰው ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው እንጂ ኮሜንታተሩ አፍ ላይ አይደለም። ድራማ ላይ ግን ያናድዳል። 5.1ም አያሳልፍም።

## ከሪሲቨሩ በቀጥታ

ዲሽ ብቻ ለሚያይ ቤት ቲቪውን መዝለል ይቻላል። የብዙ ሪሲቨሮች ቀይና ነጭ ጃክ አውት ነው። ምስሉን በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ፣ ድምፁን በጃክ ወደ ሆም ቴአትር ትልካላችሁ። የቲቪውን ድምፅ ዜሮ ታደርጋላችሁ። ዩቲዩብ ወይም ፍላሽ ከቲቪው ላይ ስትከፍቱ ግን በሆም ቴአትሩ አይሰማም።

## በአጭሩ ሲታይ

| መንገዱ | ድምፁ | ከምስሉ ጋር መሄዱ | ሪሞት | ለመብረቅና ለመብራት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ | 5.1 | ጥሩ | አንድ ይበቃል | ጉዳት ይሻገርበታል | መካከለኛ |
| ኦፕቲካል | 5.1፣ ሴቲንጉ ከተስተካከለ | ጥሩ | ሁለት | በገመዱ አይሻገርም | ዝቅተኛ |
| ኦፕቲካል ከነሳጥኑ | ስቴሪዮ፤ በዲኮደር 5.1 | ጥሩ | ሁለት | በኦፕቲካሉ አይሻገርም | መካከለኛ፤ ዲኮደር ከፍተኛ |
| ጃክ | ስቴሪዮ | በጣም ጥሩ | አብዛኛውን ጊዜ አንድ | ጉዳት ይሻገርበታል | ከሁሉም ዝቅተኛ |
| ብሉቱዝ | ስቴሪዮ | ይዘገያል | እንደ ቲቪው | ገመድ የለም | ምንም |
| ከሪሲቨር በቀጥታ | ስቴሪዮ | ጥሩ | የሪሲቨሩ | ጉዳት ይሻገርበታል | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

ዜና፣ ድራማና መዝሙር የሚበዛበት ቤት፣ ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ከሆነ፣ ኤአርሲ ካለ ኤአርሲ፤ ከሌለ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ። ኦፕቲካሉ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፤ ግን ሁለት ሪሞት ያስይዛቸዋል።

ማራኪ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ከጓደኞቹ ጋር ለሚኖር ተማሪ፣ ያለችው ባለ ሁለት ስፒከርና ባለ ሳብዉፈር ከሆነች፣ የጃክ ገመድ ይበቃዋል። ለሌላ ነገር አያውጣ። ሳብዉፈሩንም ማታ ዝቅ ያድርግ፤ ግድግዳው የጋራ ነው።

ፊልም ወዳድ ለሆነ ሰው ኦፕቲካል ወይም ኤአርሲ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከፍላሽ የሚከፈት ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፅ አልባ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፋይሉ ስም ላይ “ዲቲኤስ” (DTS) የሚል ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዶልቢ ያለ ሌላ የፊልም ድምፅ ዓይነት ነው። ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኤልጂ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ቲቪዎቻቸው ላይ ዲቲኤስን ትተውታል። ገመድ ብትቀይሩ አይመጣም። የሆም ቴአትሩ የራሱ ዩኤስቢ ዲቲኤስ የሚያነብ ከሆነ ከዚያ ክፈቱ፤ ካልሆነ የዚያኑ ፊልም ዶልቢ ያለውን ፋይል ፈልጉ።

አዲስ ሆም ቴአትር ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከስፒከሩ ብዛትና ከመብራቱ ማማር በፊት ጀርባውን ያዙር። ኤአርሲ ወይም ኦፕቲካል ኢን የሌለውን ባለ አምስት ስፒከር ከመግዛት፣ በዚያው ገንዘብ ኦፕቲካል ያለው ባለ ሁለት ስፒከርና ሳብዉፈር ይሻላል። ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሳሎኑም በገመድ አይሞላም።

ክረምት ላይ ዲሹ ከፍ ብሎ ጣራ ላይ የቆመ ቤት ግን፣ ሁለት ሪሞት ቢያስይዝም፣ እኔ ብሆን ኦፕቲካል ነው የምመርጠው። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የሶኬቱን ገመድ ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ።

## ከተገናኘ በኋላ

ሳሎኖቻችን ላይ ሶፋው ግድግዳውን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የኋላ ስፒከሮችን ከሶፋ ኋላ መሬት ላይ የሚጥል ሰው ብዙ ነው። እዚያ ድምፁ በሶፋው ይታፈናል። ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከዋናው መቀመጫ በግራና በቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስቀሏቸው። የመሃሉ ስፒከር ቲቪው ሥር ወይም ላይ ይሁን፤ ንግግሩ በብዛት ከእሱ ስለሚወጣ ቡፌ ውስጥ አትዝጉበት።

የስፒከር ገመዶቹ ላይ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አድርጉ። አንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ግን የሚወቅሰው ሳብዉፈሩን ነው። የስፒከር ገመድ ቲቪው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር በምንም መልኩ አይገናኝም። ሁሉን ሰክታችሁ ስትጨርሱ ከሆም ቴአትሩ ሴቲንግ “ስፒከር ቴስት” ወይም “ቴስት ቶን” የሚለውን ክፈቱ። ድምፁ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ይዞራል። ቴስቱ ላይ የኋላው እየሠራ ፊልም ላይ ዝም ካለ፣ ገመዱን ከመቀየራችሁ በፊት “ፒሲኤም” የሚለውን ሴቲንግ እንደገና እዩ። ቴስቱ ላይም ዝም ካለ ግን ችግሩ ከሆም ቴአትሩ እስከ ስፒከሩ ባለው ገመድ ወይም ስፒከሩ ራሱ ላይ ነው። ያንን ለማወቅ የፊቱንና የኋላውን ስፒከር ቦታ አቀያይሩ፤ ዝምታው ከስፒከሩ ጋር ከተዛወረ የተበላሸው ስፒከሩ ነው።